በዋሽንግተን አካባቢ የመጀመሪያውን የሥራ ዓመት ገንዘብ እንዴት ማቆየት ይቻላል?

አዲስ ገቢ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው ገና እጁ ሳይገባ ነው። አውሮፕላኑ ደለስ ባረፈ በሳምንቱ ለእናት የቤት ጣሪያ፣ ለወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ላበደረ ዘመድ የትኬት ገንዘብ ቃል ይገባል፤ ሁሉም "ሥራ እንደጀመርኩ" በሚል ቀጠሮ ነው። የቀረው ዓመት ያንን ቃል ሲያሳድዱ ያልቃል። ስለዚህ "ቡና ውጭ አትጠጡ" የሚለውን ዓይነት ምክር እዚህ አልደግመውም። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ የሚገባውን ሰው ሳይ ገንዘቡ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች ሦስት ናቸው፦ ያልታሰበ ታክስ፣ ልክ ያልተበጀለት ሐዋላ፣ ቀድሞ የተገዛ መኪና። የምጽፈው በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ለገባ ሰው ነው።

ከሥራ በፊት ያሉት ሳምንታት

የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ በቪዛ ማመልከቻው ላይ ተጠይቆ ከሆነ በፖስታ ይመጣል። በሦስት ሳምንት ገደማ ካልደረሰ ፓስፖርት ይዞ ወደ ቢሯቸው መሄድ ነው። ቤዝመንት ተከራይቶ ስሙ በፖስታ ሳጥኑ ላይ የሌለ ሰው ካርዱን ሲጠብቅ ይከርማል፤ ስምዎን ይለጥፉ። አድራሻ ሲቀይሩ ለኢሚግሬሽን በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ በኢንተርኔት ይሠራል፣ አይከፈልበትም።

የባንክ ሒሳብ ሁለት ይክፈቱ፤ ወርኃዊ ክፍያ የሌላቸው ይሁኑ፣ የሚቻል ከሆነም በተለያየ ባንክ። አንዱ ደሞዝ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ካርዱ በኪስ የማይያዝ፣ የመጠባበቂያው ነው።

የጤና መድን ነገር አይዘንጉ። አዲስ ነዋሪ ከገባበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ድረስ በመንግሥት የመድን ገበያ በኩል መመዝገብ ይችላል፤ ካለፈ ዓመታዊውን የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ነው። ለድሆች የሚሰጠው ሜዲኬይድ ለአብዛኛው ጎልማሳ ግሪን ካርድ ያዥ አምስት ዓመት ያስጠብቃል። ከዚያ በፊት ሆስፒታል ከገቡና ሂሳቡ በፖስታ ከመጣ ደንግጠው አይክፈሉ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሆን የእርዳታ መመሪያ በጽሑፍ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ቅጹን ጠይቀው ይሙሉ። ካልጠየቁ ራሱ አይመጣም።

የመጀመሪያው ቼክ

በሰዓት 18 ዶላር ተብለው ተቀጠሩ እንበል። በሁለት ሳምንት 80 ሰዓት፣ 1,440 ዶላር። ሰው እዚህ ጋ ስልክ ያነሳና አገር ቤት ይደውላል። አይደውሉ። ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታው) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድኑ) 7.65 በመቶ ይቆረጣል፤ የፌዴራል ታክስ አለ፤ ሜሪላንድ የራሷን ትወስዳለች፣ ካውንቲውም (የአካባቢው አስተዳደር) ድርሻ አለው። ሞንጎመሪ ካውንቲ የሚኖር ያላገባ ሰው እጁ የሚገባው ከ1,150 ዶላር ብዙም አይርቅም። ቃል የሚገባው በዚህኛው ቁጥር ነው፤ እሱም ሦስት ቼክ በተከታታይ ካዩ በኋላ፤ ምክንያቱም አሠሪ ሰዓት ይቀንሳል፣ በተለይ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ሆቴሉና ሬስቶራንቱ ጭር ሲል።

ሁለተኛ ሥራ ከመያዝዎ በፊት

አዲስ ገቢ ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ሁለት ሥራ ነው። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ሆቴል ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያ። እኔ አስቀድሜ የምመክረው በያዙት ሥራ ላይ ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅ ነው። በፌዴራል ሕግ፣ ጥቂት የሥራ ዓይነቶች ሲቀሩ፣ አንድ አሠሪ ዘንድ በሳምንት ከ40 በላይ ለተሠራ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ 18 የነበረው 27 ይሆናል። ሁለት የማይገናኙ አሠሪዎች ዘንድ አርባ አርባ ሰዓት ቢሠሩ ግን ሰዓቱ አይደመርም፤ ሰማንያውም በ18 ነው። ሃያ ሰዓት ኦቨርታይም 540 ዶላር ያመጣል፤ ያንኑ ከሁለተኛ ሥራ ለማግኘት 30 ሰዓት ያስፈልጋል። በመካከል ያሉት ዐሥር ሰዓታት እንቅልፍ ናቸው፤ ከአውቶቡስ ጥበቃው ሌላ።

ኦቨርታይም ከሌለና ሁለተኛ ሥራ ግድ ከሆነ ቀስ ይበሉ፤ በርካታ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሥራ ሲጀመር ከሚፈረሙት ወረቀቶች አንዱ ደብሊው-4 ይባላል። አሠሪው ከደሞዝዎ ምን ያህል የፌዴራል ታክስ መቁረጥ እንዳለበት የሚነግረው ይህ ቅጽ ነው። አብዛኛው ሰው ስሙንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ጽፎ ይፈርማል፤ ወረቀቱን የሰጠውም ሰው የሚቸኩል ስለሆነ "እዚህ ጋ ብቻ" ብሎ ፊርማውን ያሳያል። ላላገባና አንድ ሥራ ላለው ሰው ይህ ይበቃል።

ሁለት ሥራ ሲሆን ግን አንዱ አሠሪ የሌላውን መኖር አያውቅም። ላላገባ ሰው በ2025 ከዓመት ገቢው የመጀመሪያው 15,750 ዶላር ከታክስ ነፃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው በ10፣ በ12፣ ቀጥሎም በ22 በመቶ እየከበደ ይሄዳል። ሁለቱ አሠሪዎች በየፊናቸው ነፃውን መጠን ይቀንሱልዎታል፤ ሁለቱም ከዝቅተኛው መቶኛ ይጀምራሉ። እርስዎ አንድ ሰው ነዎት፣ ነፃው መጠንም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ቼኩ ወፍራም ሆኖ ይመጣል፤ ሰውየውም "ሁለት ሥራ አዋጣኝ" ይላል።

በዚያ ዓመት መጠን ሂሳቡ ይህን ይመስላል። ሁለቱም ሥራዎች በ18 ዶላር ሙሉ ሰዓት ቢሆኑ ከእያንዳንዱ በዓመት 37,440 ዶላር ይገኛል። እያንዳንዱ አሠሪ ወደ 2,360 ዶላር የፌዴራል ታክስ ይቆርጣል፤ ድምሩ 4,720 ገደማ ነው። በ74,880 ዶላር ላይ የሚፈለገው ግን ወደ 7,920 ይጠጋል። ልዩነቱ 3,200 ዶላር ነው፤ የሚጠየቀውም ኤፕሪል 15 ላይ በአንድ ጊዜ ነው። የስቴቱ ጉድለት ገና አልተጨመረበትም። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚያ ሳምንት ያስረከበ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ያላጠራቀመው ደግሞ ከወለድ ጋር በክፍያ ዕቅድ ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በቅጹ ሁለተኛ ደረጃ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ በጠቅላላው ሁለት ሥራ ላለውና ደሞዛቸው ለተቀራረበ ሰው የተበጀች ናት። በሁለቱም ሥራዎች ቅጽ ላይ ምልክት ያድርጉባት። በአዲሱ ላይ ብቻ ማድረግ አይበቃም፤ ከቀድሞው አሠሪ አዲስ ቅጽ ይጠይቁ፤ በፈለጉት ጊዜ መቀየር መብትዎ ነው። የሁለቱ ደሞዝ በጣም ከተራራቀ ሳጥኗ ከሚገባው በላይ ታስቆርጣለች፤ ያን ጊዜ በአራተኛው ደረጃ ከየቼኩ ተጨማሪ የሚቆረጠውን መጠን በቁጥር መጻፍ ይሻላል። ከላይ ላለው ምሳሌ በየሁለት ሳምንቱ 125 ዶላር ያህል ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይህን የሚያሰላ ነፃ ማስያ አለ፤ ከጓደኛ ግምት እሱ ይታመናል።

ታክሲ የሚነዱና ምግብ የሚያደርሱ ሰዎች የሚያገኙት የገቢ ወረቀት 1099 ይባላል። ከዚያ ገቢ ማንም ምንም አይቆርጥም፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የአሠሪውንም ድርሻ ጨምሮ 15.3 በመቶ የሚከፍሉት ራስዎ ነዎት፣ የገቢ ታክሱ ሌላ ነው። በየሳምንቱ ሩቡን ወደ ሁለተኛው ባንክ ያሳልፉ፤ የነዱትን ማይል በየቀኑ ይመዝግቡ፤ ማይሉ ታክሱን ይቀንሳል።

ወደ ቤት የሚላከው

"ለጊዜው አትላክ" ብሎ የሚመክር ሰው ወይ ዘመድ የለውም ወይ ይዋሻል። መላክ አይቀርም። ጥያቄው ልኩ ነው፤ ልኩ ደግሞ አስቀድሞ መነገር አለበት። ከተቻለ ገና ከአገር ሳይወጡ፣ ካልሆነም በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ፣ ቀን ጠቅሰው ይንገሩ፦ እስከ መስቀል ድረስ አልልክም፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ይህን ያህል ነው። ደግሞ በዶላር ይወስኑት። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የብሩ ቁጥር ይዋዥቃል፤ የእርስዎ ደሞዝ የሚቆጠረው በዶላር ነው።

የትኬቱ ዕዳ ካለ ከሁሉም በፊት እሱ ይዘጋ። ያበደረ ዘመድ ዝም ቢልም አልረሳም።

ገንዘቡ በአንድ ሰው በኩል ይሂድ፤ ለየአንዳንዱ ከላኩ የላኩት መጠን ሁሉ እየተወዳደረ ያድጋል። እናት ወይም ታላቅ እህት ይከፋፍሉት። ቅር የሚለው ይኖራል፤ ይሁን። ለሕመምና ለለቅሶ ግን ከመደበኛው የተለየ ትንሽ ገንዘብ በየወሩ ያስቀምጡ። ሌሊት ሲደወል ከቤት ኪራይ ላይ የሚነሳው ይህ ስለሌለ ነው።

ስለ መላኪያው መንገድ፦ "ክፍያ የለውም" የሚል ማስታወቂያ አይሸንግልዎት፤ ክፍያው ያለው ምንዛሪው ውስጥ ነው። 200 ዶላር ቢላክ ስንት ብር እንደሚደርስ ብቻ ያነጻጽሩ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመሰል መንገድ ከፍሎ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ታክስ አለ፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ ባንክ ካርድ ሲላክ ይህ አይነካውም። ከዚህ ዶላር ተቀብሎ እዚያ ብር የሚያስረክበው "የሚታመን ሰው" ደረሰኝ አይሰጥም፤ ሲጠፋም የሚከሰስ የለም።

ዕቁብ

በዚህ አካባቢ ዕቁብ አለ፣ በደንብ ይሠራል። እጅ ለማይጨክን ሰው ከባንክ የተሻለ ነው፤ ሰው ባንክን ቢያጎድል አያፍርም፣ ሰብሳቢውን ግን ያፍራል። ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ነገር እላለሁ። መዋጮው ሰዓትዎ ሲቀነስም የሚከፈል ይሁን። ዋስ የማይጠይቅ ዕቁብ ውስጥም አይግቡ፤ ቀድሞ ዕጣ ደርሶት ወደ ሌላ ስቴት የሄደ ሰው ታሪክ በየቡና ቤቱ ይሰማል። የሦስት ወር ኪራይና ምግብ በመጠባበቂያው ሒሳብ ሳይኖር ትልቅ ዕቁብ ውስጥ መግባት ደግሞ ደፋርነት ነው። ዕቁብ ክሬዲትም (አበዳሪዎች የሚያዩትን የብድር ታሪክ) አይገነባም።

ክሬዲትና መኪና

ክሬዲት የሚገነባው በመያዣ በሚሰጥ የክሬዲት ካርድ ነው። 200 ዶላር አስይዘው ካርዱን ይውሰዱ፤ የስልክ ክፍያ ብቻ በእሱ ይክፈሉ፤ ሂሳቡን በየወሩ ሙሉ ለሙሉ ይዝጉ። ነጥቡ ከ300 እስከ 850 ነው፣ ለመውጣትም ቢያንስ ስድስት ወር ይፈልጋል። "ነጥብ እንዲጨምር ጥቂት ዕዳ ተው" የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ የሚጠቅመው አበዳሪውን ነው።

እነዚያ ስድስት ወሮች መኪና የማይገዛባቸው ናቸው። ታሪክ የሌለው ሰው የመኪና ብድር የሚያገኘው በከባድ ወለድ ነው፣ ለአዲስ መንጃ ፈቃድም ኢንሹራንሱ ይወደዳል። ክፍልዎን በሜትሮ ወይም በአውቶቡስ መስመር ላይ ይከራዩ፤ ኪራዩ በወር መቶ ዶላር ቢጨምር እንኳን ያዋጣል። በአሌክሳንድሪያ የዳሽ አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው።

የቀረው

ኮት ከሁለተኛ እጅ መደብር ይገዛል፤ ጫማ ላይ ግን አይቆጥቡ። ወጥ እሑድ ይሠራል። ለእንግሊዝኛ በካውንቲው ቤተ መጻሕፍት የነፃ የንግግር ክፍለ ጊዜዎች አሉ። በዲሲ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ወረቀት ሳይገባዎት አይፈርሙ። ዕድር ይግቡ፤ መዋጮው ጥቂት ነው፣ ብቸኝነቱም ከአስከሬን መሸኛው ባልተናነሰ ዕድርተኛ ይፈልጋል።

ታክስ ሲያስገቡ የገቡበት ዓመት ልዩ ነው። በዓመቱ አጋማሽ የገባ ሰው ለዚያ ዓመት ግማሹን እንደ ውጭ ሰው ስለሚቆጠር ያ ነፃ መጠን በጥቅሉ አይሰጠውም፤ ለዚያ አንድ ጊዜ ለሚያውቅ ባለሙያ ይክፈሉ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ቪታ የሚባለው የታክስ መሥሪያ ቤቱ የነፃ አገልግሎት ይበቃዎታል። አገር ቤት ያሉትን እናትዎንና የወንድምዎን ልጆች ጥገኛ አድርጎ ብዙ ተመላሽ እንደሚያመጣ የሚምል ሠራተኛ ካጋጠመዎት ወረቀትዎን ይዘው ይውጡ፤ ጥገኛ ለመባል በጥቅሉ የአሜሪካ ዜጋ መሆን ወይም በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በሜክሲኮ መኖር ያስፈልጋል፣ ቅጣቱም የሚመጣው በፈረመው ላይ ነው።

የአገር ቤት ጉዞ በመጀመሪያው ዓመት ባይሆን ይመረጣል። ግድ ከሆነ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ይሂዱ፤ የገናና የክረምቱ ሰሞን ትኬት ውድ ነው። ሁለቱን የ23 ኪሎ ሻንጣዎች ቀድመው አይሙሉ፤ ማን ምን እንደሚፈልግ ያንኑ ገንዘቡን የሚያከፋፍለውን ሰው ይጠይቁ።