ጨብጥ ከጨረቃ አይመጣም

ኅዳር ሲገባ ልጆቹ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ይመለሳሉ። ጤና ጣቢያ መጥተው ካርድ ያወጣሉ። ሁሉንም ወገባቸውን ነው የሚያማቸው። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ዝም እላለሁ። በሩን ገርበብ ያደርጉና «ሲስተር፣ ሽንቴን ያቃጥለኛል» ይላሉ። ቀጥሎ ሰበቡ ይመጣል። ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ሸንቼ፤ ወደ ጨረቃ ዞሬ ሸንቼ።

ጎጃም ውስጥ በነርስነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ጨረቃ ማንንም ጨብጥ ስታስይዝ አላየሁም። ጨብጥም ክላሚዲያም ቂጥኝም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው የሚተላለፉት። እናት ካለባት ደግሞ ልጇም ላይ ይደርሳል። ድንጋዩን ተዉት።

ልጆቹ እኛ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ውጠዋል። ጓደኛ «ይቺ ፍቱን ናት» ያለው ካፕሱል። ሁለት ቀን ይውጡና ማቃጠሉ ቀለል ሲል የቀረውን ለሌላ ጓደኛ ያስተላልፋሉ። አሞክሳሲሊን ጨብጥን ማዳን ካቆመ ቆይቷል፤ ጀርሙ ለምዶታል። አሁን የምንሰጠው መርፌ ነው። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚገኝ የሱንም መድኃኒት እንጨምራለን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ብቻውን ታክሞ የሚሄደው ሰው ነው። አንድ ጎልማሳ መርፌውን ተወግቶ ዳነ። በሦስት ሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ተቆጥቷል። «መድኃኒታችሁ አይሠራም!»

«ባለቤትህስ ታከመች?»

«እሷ ምን ሆና? ደኅና ናት።»

ደኅና ናት! ይቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት። ወንዱን ያቃጥለዋል፣ መግል ይወጣዋል፣ ስለዚህ ይሮጣል። ሴቷ ግን ጨብጥም ክላሚዲያም ይዟት ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማትም። እንጨቷን ትለቅማለች፣ ውኃዋን ትቀዳለች፣ በሽታው ግን ወደ ላይ እየወጣ የማህፀን ቱቦዋን ያቆስላል። ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፣ ቱቦው ይዘጋል። ከዓመታት በኋላ ልጅ ሲጠፋ መካን የምትባለው እሷ ናት። ቤተሰቡ ሌላ ሴት ይፈልግለታል። እሷ በየፀበሉ ትንከራተታለች። ፀበሉን አልነካም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን መርፌ ከፀበል ጋር አይጣላም። ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ፣ በአንድ ቀን ታከሙ፣ ከዚያ ለ7 ቀን አትገናኙ። ከባድ ነገር አልጠየቅኩም!

ለዚያ ሰውዬ የሚስቱን መጥሪያ ወረቀት ሰጠሁት። አጣጥፎ አጣጥፎ ጥፍር አሳከለውና ኪሱ ከተተው። ይጥለዋል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገባች። የመቀነቷን ቋጠሮ ፈታ ያንኑ ወረቀት ከአንዲት አሥር ብር ጋር አወጣች። ብሩን መለስኩላት።

እኔም አጥፍቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዷን አማቷ አጠገቧ ቆመው «ባልሽ ነው ያመጣብሽ» አልኳት። ድጋሚ አላየኋትም። አሁን በር ዘግቼ አንድ በአንድ አነጋግራለሁ፣ ማን ለማን እንዳመጣው ደግሞ አልፈርድም። በሽታው ሳይታወቅ ወራት ሊቀመጥ ስለሚችል እኔም ላውቅ አልችልም።

ቂጥኝ ሌላ ተንኮለኛ ነው። ብልት ላይ የሚወጣው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሰውዬው «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ያሽበታል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል፤ ዳማ ከሴው ይመሰገናል። በሽታው ግን ደም ውስጥ አለ። በኋላ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ገና በጊዜው ቢመጣ በፔኒሲሊን መርፌ ይድን ነበር።

ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሙሽሮች የምርመራ ወረቀት ይዘው ይፈነድቃሉ። «ነጻ ነን!» ከምኑ? ወረቀቱ ላይ ያለው የኤች አይ ቪ ምርመራ ብቻ ነው። ቂጥኙንና የጉበት ቫይረሱንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ያው የደም ምርመራ ነው። ነፍሰ ጡሯ ሦስቱንም ትመረመራለች፣ ክትትሏን ቀድማ ከጀመረች። የኤች አይ ቪ ውጤትም ቢሆን ያለፈው ሳምንት የተፈጠረውን አያሳይም። ከሦስት ወር በኋላ መደገም አለበት።

ኮንዶምን ቫዝሊንም ቅቤም አትቀቡት፣ ይቀደዳል። ሁለት መደራረብም አይበጅም። ቦርሳ ውስጥ ወር የከረመውን ጣሉት።

ኮንዶም ከተቀደደ፣ ወይም ሰው ከተደፈረ፣ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመርና ለ28 ቀን ይወሰዳል። ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። አንዷ ቅዳሜ ማታ ደርሶባት «ረቡዕ ገበያ ስወጣ በዚያው እመጣለሁ» ብላ ቆየች። ቅዳሜ ማታ ለሆነው 72 ሰዓቱ ማክሰኞ ማታ ያልቃል። እሁድም ሌሊትም ቢሆን ተረኛ አለ፤ በሩን አንኳኩ።