ከበዓል እርድ በኋላ፦ ግቢው ሲሸት፣ ውሻው ሲቆፍር፣ ጉበቱ ላይ ከረጢት ሲገኝ

ለፋሲካም ለአረፋም ብዙዎቻችን በጉን የምናርደው ቄራ ወስደን ሳይሆን ግቢያችን ውስጥ ነው። ቄራ የሥጋ መርማሪ አለ። ግቢ ውስጥ ግን መርማሪውም አጽጂውም እኛው ነን። በጣም ከሚያሳስበኝ ልጀምር።

ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ

ነጣ ያለ ነው፤ ሲነኩት ይወጠራል፤ ውስጡ ውሃ አለ። አንዳንዱ አተር ያክላል፣ አንዳንዱ ከሎሚ ይበልጣል።

ምክንያቱ በአብዛኛው ሃይዳቲድ የሚባለው በሽታ ነው። ውሻ ይህን ሳንባ ጥሬውን ሲበላ ሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ያድጋሉ። እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ሳሩን፣ አፈሩን፣ የራሱን ፀጉር ይበክላል። በግ ከሳሩ ያገኘዋል። ልጅ ደግሞ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ። ሰው ላይ ከረጢቱ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። አንዳንዴ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም።

ሰው የሚያዘው ከበጉ ሥጋ ሳይሆን ከውሻው በኩል መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ተቆርጦ የወጣው ሳንባ የት ይጣላል የሚለው ነው። ብዙ አራጆች ሳንባውን እዚያው ለውሻ ይወረውራሉ። ቢላዋ ሳይነሳ በፊት «ለውሻ ምንም እንዳትሰጥ» ብላችሁ ንገሩት። ከረጢት ያለበትን አቃጥሉት ወይም በጥልቀት ቅበሩት። ደህና የሚመስለውንም ቢሆን ለውሻ ከመስጠታችሁ በፊት ቆራርጣችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀቅሉት። የበጉ ጭንቅላትም ጥሬውን ለውሻ አይሰጥ። ውሻችሁ ከዚህ በፊት ጥሬ በልቶ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ይስጠው።

የተቀበረው ተቆፍሮ አደረ

ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም ማለት ነው። ከተቀበረው በላይ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር አፈር ይኑር፤ ጠቅጥቁትና ድንጋይ ጫኑበት። ፌስታሉን አውጡት፣ መበስበሱን ያዘገያል። የውሃ ጉድጓድ ካለ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ።

ትቦው ተዘጋ፣ ግቢው ይሸታል

ደም፣ ሞራና ፈርስ አንድ ላይ ወደ ፍሳሽ ገብተዋል። ብዙ ሰው የፈላ ውሃ ይደፋበታል። የፈላ ውሃ ግን ደሙን ያበስለውና ወለሉ ላይ ያጣብቀዋል። ደሙን መጀመሪያ በአመድ ወይም በደረቅ አፈር አስመጥጡና በአካፋ አንሱት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ፈርሱ ግን ባይጣል ደስ ይለኛል። ከደረቅ ቅጠልና ከገለባ ጋር ከምራችሁ አልፎ አልፎ ብታገላብጡት ከወራት በኋላ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ሳይብላላ ሰላጣ ላይ አታድርጉት።

የቆዳው ፀጉር ይነቀላል

ቆዳው መበስበስ ጀምሯል፤ ከዚህ በኋላ ገዢ አያገኝም። በተገፈፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሥጋውን በኩል አንድ ኪሎ ገደማ ጨው አልብሱትና ጥላ ውስጥ ዘርጉት።

እንስሳው ሳይታረድ በድንገት ሞተ

ትናንት ደህና የነበረ ከብት ሞቶ ካደረና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጠቆር ያለ፣ የማይረጋ ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የወጣበት ነገር መሆኑ ይገባኛል፤ ቢሆንም አትክፈቱት፣ ቆዳውንም አትግፈፉ። በድኑ ሲከፈት ተህዋሲው አየር አግኝቶ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሚቆይ ዘር ይሆናል። ሰውና ውሻ አርቁና የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። የነካ ሰው እጁን በሳሙና በደንብ ይታጠብ። በቀጣዮቹ ቀናት ቆዳው ላይ መሃሉ የጠቆረና የማያምም ቁስል ካወጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የሞተ ከብት መንካቱንም ለሐኪሙ ይንገር። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።