የቤተ መጻሕፍትን ዲጂታል ስብስብ ለማስተማሪያነት ማዋል

የቆዩ ሰነዶችን፣ ፎቶግራፎችንና የብራና ገጾችን ስካን አድርጎ በኮምፒውተር ማስቀመጥ ብቻውን ስብስቡን ወደ ክፍል አያደርሰውም። በሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች የሚሠራ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አስቀድሞ የመምህሩን ዓመታዊ ዕቅድ ማየት ይኖርበታል፤ ስለ ሸዋ ነገሥታት የሚሰጠው ትምህርት በየትኛው ሳምንት እንደሚውል ካወቀ፣ ለዚያው ሳምንት የሚስማሙ ሦስት ወይም አራት ሰነዶችን መርጦ ሊያቀርብ ይችላል። መቶ ፋይል የታጨቀበት ፎልደር የደረሰው መምህር አንዱንም ሳይከፍት እንደሚተወው ከራሴ ተሞክሮ አውቃለሁ።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሰነዱ መግለጫ ነው፤ ተማሪው ሰነዱን የሚያገኘው መግለጫው ውስጥ በሰፈሩት ቃላት ነውና። በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ከሞክሼ ፊደላት ይጀምራል። በካታሎጉ «ሣህለ ሥላሴ» ተብለው የተመዘገቡትን ንጉሥ ተማሪው «ሳህለ ስላሴ» ብሎ ሲፈልጋቸው፣ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ያልተዘጋጀ ፕሮግራም ምንም እንዳላገኘ ይነግረዋል። ስለዚህ ርእሱ ላይ ትክክለኛው አጻጻፍ ተጠብቆ፣ ሰው በተለምዶ የሚጽፋቸው ሌሎች አጻጻፎች፣ የላቲን ፊደሉም ጭምር፣ ከቁልፍ ቃላቱ ጋር ይመዝገቡ። ዘመንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ንጉሡ ከብሪታንያ ጋር ውል የተዋዋሉበት 1834 ዓ.ም. በውጭ ሰነዶች 1841 ስለሚባል፣ ተማሪ ሁለት የተለያዩ ውሎች ሊመስሉት ይችላሉ።

ሁሉንም ራስ ስካን ማድረግ አያስፈልግም። በሸዋ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ በርካታ ብራናዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በማይክሮፊልም የተነሡ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን በነጻ ምዝገባ በኢንተርኔት ያስነብባል። የብራናውን መለያ ቁጥርና ሊንኩን በራስ ካታሎግ ማስገባት ይበቃል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰነድ ከመምህሩ ጋር የአንድ ገጽ መልመጃ ይዘጋጅ። ለምሳሌ ከብሪታንያው መልእክተኛ ቡድን ጋር የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ በርናትዝ ከሣላቸውና እ.ኤ.አ. በ1852 ከታተሙት የሸዋ ሥዕሎች አንዱን ተማሪዎች ዛሬ ከሚያዩት መልክዓ ምድር ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ምን እንደተለወጠና ሠዓሊው ምኑን እንዳጋነነ ራሳቸው ይከራከሩበታል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጅ መብት ጥበቃ በመርሕ ደረጃ ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚቆይ፣ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ሥራ አያስቸግርም፤ የቅርብ ዘመን ፎቶግራፍና መጽሐፍ ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ዋናው ትልቅ ፋይል በቤተ መጻሕፍቱ ተጠብቆ፣ መጠኑ የተቀነሰው ቅጂ በፍላሽ ወይም በመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ይሰራጭ። ተማሪዎች ፈልገው ያጧቸው ቃላት በደብተር እየተመዘገቡ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ሰነዶቹ ቁልፍ ቃላት ይጨመሩ።