ኪስ ሳይጎዳ የአእምሮ ህክምና ማግኘት፦ መሃል አዲስ አበባ ላለ ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል» ሲባል ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሰፈር ነው፣ ሆስፒታል ነው። ስድብም ነው። ሰው ትንሽ ወጣ ያለ ነገር ከተናገረ «ኧረ ይሄን ሰው አማኑኤል ውሰዱት» ብለን እንስቃለን። ቀልዱ ግን ያስከፍላል። እንቅልፍ ካጣ ወር ያለፈው ሰው ሐኪም ጋ ከመሄድ ተሸፋፍኖ መተኛት የሚመርጠው አንድም በዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ብር ነው። «የአእምሮ ሐኪም የሀብታም ነው» ይባላል።

ግማሹ እውነት ነው። ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ተቋማት ብዙ ሰው በሚችለው ዋጋ ይገኛል። ውዱና ብርቁ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግር፣ በየሳምንቱ የሚያገኛችሁ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ርካሹን መጀመሪያ መያዝ፣ ውዱን በኋላ በጥንቃቄ መግዛት ነው የሚያዋጣው።

ከሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ

ችግሩ ሲብስ ቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚሮጥ ብዙ ነው። እኔም አንድ ጊዜ የአክስቴን ልጅ ይዤ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል በር ላይ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተሰለፍን። አራት ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል ስንደርስ «ሪፈራችሁስ?» ተባልን። የለንም። የታክሲው፣ የቁርሱ፣ የቀረው የሥራ ቀን ሂሳብ ከካርዱ ዋጋ በለጠ። ልጁ ደግሞ «ሁለተኛ አልሄድም» አለ። ትልቁ ኪሳራ ያ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረዳችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ካርድ አውጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው መርሃ ግብር መሠረት፣ እኛም አገር የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ድባቴን (ዲፕሬሽንን)፣ የሚጥል በሽታንና ከባድ የአእምሮ ህመሞችን እንዲያክሙ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። ሁሉም ጤና ጣቢያ እኩል አይደለም። የአእምሮ ህክምና ነርስ ያለበት ከደረሳችሁ እድለኛ ናችሁ፤ ከሌለም ሪፈር የሚጽፍላችሁ ሰው አለ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኛ «ከፍቶኛል» ብለን ለሐኪም መናገር አልለመደብንም። «ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» እንላለን። ባለሙያውም የሰማውን ያክማል፤ የጨጓራ መድኃኒት ይዘን እንመለሳለን። ከሳምንታት በኋላ ያው ነን። እኔ የማውቃቸው «የጨጓራ በሽተኞች» ቢቆጠሩ ግማሾቹ ጨጓራቸው ጤነኛ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ? ቀድሞ ያስደስታችሁ የነበረው ነገር አሁንም ያስደስታችኋል? መሞትን ታስባላችሁ? መጠጥና ጫትስ? ይሄን የመጨረሻውን አትደብቁ፤ ባለሙያው የሚጠይቀው ሊገስጻችሁ አይደለም፣ መድኃኒቱን ለመምረጥ ነው። ለድባቴ የተዘጋጀ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ላለፉት ሁለት ሳምንታት የተሰማችሁን ይጠይቃል። ሐኪሙ እነዚህን ሲያነብላችሁ ድንገት ከሰማይ የወረደ ጥያቄ አይሁንባችሁ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ከበዛና ለመናገር ከከበዳችሁ ወረቀቱን ዝም ብሎ መስጠትም ይቻላል።

የደም ምርመራ ቢታዘዝም አትናደዱ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድባቴ ይመስላሉ።

የጤና መድን

መደበኛ ደሞዝተኛ ካልሆናችሁ በወረዳችሁ በኩል የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጠይቁ። በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ መታወቂያው ቤተሰቡን ይይዛል። መክፈል ለማይችል የመንግሥት ድጋፍ አለ፤ እሱም የሚጠየቀው እዚያው ወረዳ ነው። ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር መሄድ። ደረጃ ዘልሎ የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል።

ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ በልማት ተነስታችሁ ሌላ ክፍለ ከተማ የገባችሁ ደግሞ የነዋሪነት መታወቂያውንና መድኑን ወደ አዲሱ ወረዳ አዛውሩ። ሳትታመሙ አዛውሩ። በታመመ ጭንቅላት ወረዳ መመላለስ ሌላ በሽታ ነው።

ሪፈሩን ወዴት?

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ግን ብቻውን አይደለም። ዘውዲቱ፣ የካቲት 12፣ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስም የአእምሮ ህክምና ይሰጣሉ። ሪፈር የሚጽፈውን ባለሙያ «ለቤቴ የሚቀርበኝ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሜክሲኮ የሚኖርና ስድስት ኪሎ የሚኖር ሰው መልሳቸው አንድ አይሆንም። ይህ ህክምና አንድ ቀን ሄዶ የሚያልቅ አይደለም፤ ለወራት ያመላልሳል። ስለዚህ ርካሽ ማለት የካርዱ ዋጋ አይደለም፤ ሳታቋርጡ መመላለስ የምትችሉበት ቦታ ነው።

አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ስፔሻሊቲ የሚማር ወጣት ሐኪም ሲደርሳችሁ አትከፉ። ታሪካችሁን ከስር መሠረቱ ጠይቆ መጻፍ ትምህርቱ ነው። የአክስቴን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ ያዳመጠው እንደዚያ ያለ ሐኪም ነው።

መድኃኒት ከታዘዘ

ፋርማሲ ስትሄዱ መጀመሪያ የሆስፒታሉን፣ ቀጥሎ ከነማ ፋርማሲን ሞክሩ። ሐኪሙን ደግሞ «ዋጋው የማይከብድ ተመሳሳይ አለው?» ማለት ነውር አይደለም። እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ አዲስና ውድ ሁሉ የተሻለ አይደለም።

የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም። ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ማቅለሽለሽና አፍ መድረቅ የመሰለው ደግሞ ቀድሞ ይመጣል። ብዙ ሰው «ባሰብኝ» ብሎ የሚጥለው በዚህ መሃል ነው። ሌላው «ዳንኩ» ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይሆንም።

ጸበል የምትጠመቁም ብትሆኑ መድኃኒቱን አትተዉ። እንጦጦም ሂዱ፣ ሽንቁሩ ሚካኤልም ሂዱ፤ ኪኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ለነፍስ አባታችሁም ለሐኪሙም ሳትደብቁ ተናገሩ። ጾም የመድኃኒቱን ሰዓት ካዛባው ሐኪሙ ያስተካክልላችኋል።

የሚያነጋግር ባለሙያ

ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ በንግግር ይረዳል። በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ «የምክር አገልግሎት አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም ላይነግራችሁ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ የግቢያችሁን የምክር አገልግሎት ቢሮ ፈልጉ። ጥቃት የደረሰባት ሴት ወይም ሕፃን ካለ ጋንዲ ሆስፒታል የሕክምናውን፣ የምክሩንና የፖሊሱን ጉዳይ አንድ ላይ የሚያይ ማዕከል አለ።

የግል ክሊኒክ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ነው? ስንት ደቂቃ ነው? በሁለት ሳምንት አንዴ ይሆናል? ለማይችል ቅናሽ አላችሁ? መርካቶ ጫማ ስንገዛ የምንከራከር ሰዎች እዚህ ስንደርስ እናፍራለን። ለአራት ጊዜ የሚበቃ ብር ብቻ ካላችሁም በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ ባለሙያው ለአራት ቀን የሚሆን ሥራ ያወጣል። መሥሪያ ቤታችሁ የሕክምና ውል ካለው ደግሞ የአእምሮ ህክምናን እንደሚሸፍን አረጋግጡ።

የብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እዩ። ቲክቶክ ላይ በደንብ ማውራትና ማከም ይለያያሉ። «በሦስት ቀን ድባቴን እነቅላለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ

ሰውየው ራሱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ ከተናገረ ወይም ከራሱ ጋር ካልሆነ ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል ይቅር። ብቻውን አትተዉት። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ እዚያ ሪፈር አያስፈልግም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይተነፍሳል።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ሪፈር የተጻፈለት ወደ አማኑኤል ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ታክሲው ሰፈሩ ሳይደርስ አንድ ፌርማታ ቀድሞ እየወረደ፣ ኮፍያውን ደፍቶ በእግሩ ይሄድ ነበር። ባለፈው ቀጠሮው አብሬው ነበርኩ። ታክሲው ሞልቷል። እሱ ከኋላ ወንበር ነው። ልክ በሩ ጋ ስንደርስ፣ ጮክ ብሎ፦

«አማኑኤል ሆስፒታል ወራጅ አለ!»