ታፔላ ከማሰራታችሁ በፊት ስለ አፖስትሮፍ ይቺን እዩ

ድሬ ውስጥ ሱቅ ምትከፍቱ፣ ባነር ምታሰሩ፣ ሲቪ ምትፅፉ ልጆች አቦ ይቺን አንብቧት። ከከዚራ እስከ ሳቢያን ታፔላ እያያችሁ ብትሄዱ እንግሊዝኛ ሲፅፍ ኤስ ባየ ቁጥር አፖስትሮፍ (ከፊደል ጎን ከላይ ምትገባዋ ትንሿ ጭረት ’) ሚሰካ ሰው ብዙ ነው፣ ታፔላ ደሞ ብር ወጥቶበት አንዴ ከተሰቀለ ስንት አመት እዛው ነው።

መጀመሪያ ለማለት የፈለጋችሁት "ብዙ" ነው ወይስ "የማን"? በርገሮች፣ ሞባይሎች፣ ፎቶዎች ከሆነ ኤስ ብቻ፣ አፖስትሮፍ የለም በቃ። 1990ዎቹ ስትሉም ቁጥሩ ላይ ኤስ ብቻ።

"የማን" ከሆነ ግን ባለቤቱን ብቻውን ሙሉውን ፃፉትና አፖስትሮፉን እዛው መጨረሻው ላይ አድርጉ፣ ከዛ ባለቤቱ ብዙ ሆኖ በኤስ ካለቀ ሌላ ኤስ አትጨምሩ፣ ካልሆነ ጨምሩ።

የሴቶች ፀጉር ቤት እንውሰድ። ሌዲስ ስትፅፉ ኤል፣ ኤ፣ ዲ፣ አይ፣ ኢ፣ ኤስ ነው፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በኤስ አልቀዋል ስለዚ አፖስትሮፉ ከኤሷ በኋላ። ከኤሷ በፊት ካስገባችሁት ባለቤቱ ኤል፣ ኤ፣ ዲ፣ አይ፣ ኢ ሆኖ ይቀራል፣ እንደዛ ሚባል ቃል ደሞ የለም። የወንዶቹ ጋ ይገለበጣል፣ ሜን ያለ ኤስ ራሱ ብዙ ነው፣ ስለዚ ሜን፣ አፖስትሮፍ፣ ከዛ ኤስ። ችልድረንም እንደዛው፣ ኪድስ ግን እንደ ሌዲስ ነው፣ የልጆች ልብስ ምትሸጡ እዚ ጋ ተጠንቀቁ።

ስማችን ብዙ ጊዜ በኤስ ያልቃል አይደል፣ ዮናስ፣ ኤልያስ፣ ቴዎድሮስ። እነዚ ላይ አፖስትሮፍና ኤስም፣ አፖስትሮፍ ብቻም ይፃፋል፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ አንዱን ምረጡና ታፔላውም ቢዝነስ ካርዱም ላይ አንድ አይነት ይሁን። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ሱቅ ካላቸው መጨረሻ የተፃፈው ስም ላይ ብቻ፣ ሱቁ የየራሳቸው ከሆነ ሁለቱም ላይ።

ሲቪና ኢሜይል ላይ ሰው ሚያስቸግረው ኢትስ ነው። አፖስትሮፍ ከድሮም የተዋጠ ፊደል ምልክት ነው፣ ስለዚ ኢት ኢዝ ወይ ኢት ሃዝ ብላችሁ ዘርዝራችሁ ስታነቡት ስሜት ከሰጠ አፖስትሮፍ አለው፣ ካልሰጠ የለውም። ሂዝ፣ ሄርስ፣ ዩርስም ባለቤት እያሳዩ አፖስትሮፍ የላቸውም። ዩር ላይም ዩ አር ብላችሁ ሞክሩት፣ ሁዝ ላይ ሁ ኢዝ።

ከትልልቅ ብራንድ ስም ደሞ አትማሩ፣ ማክዶናልድስ አለው ስታርባክስ የለውም፣ ስም ነው እንደፈለጉ ይፅፉታል።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ በአፍ አትንገሯቸው፣ ፅሁፉን በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ዲዛይኑን ሲመልሱላችሁ ዙም አድርጋችሁ አፖስትሮፏ የቱ ፊደል ጋ እንዳለች አይታችሁ ነው ይታተም ምትሉት።