ከቁም ሳጥን ላይ የወረደ ባለ ካሴት ጌም እንዴት ይነሳል?

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ለገጣፎ ባለው የቤተሰብ ቤት በፌስታል ተጠቅልሎ የተረሳ ጌም ካለ አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ዝም ያሰኘው አቧራ ወይም የማይሆነው አዳፕተር ነው። የምናወራው ኒንቴንዶ በ1983 እ.ኤ.አ. ጃፓን ላይ ያወጣውን ፋሚኮም አስመስለው ስለተሠሩት፣ ባለ 60 ጥርስ ካሴት ስለሚጎርሱት ነው።

ለሙከራ ብላችሁ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። የራሱ አዳፕተር ድሮ ጠፍቶ የራውተር ወይም የሬዲዮ አዳፕተር ተተክቶለት ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት 9 ቮልት ዲሲ ነው፤ 500 ሚሊአምፒር ይበቃል። ችግሩ ዋልታው ላይ ነው፦ የፋሚኮም ሶኬት መሃሉ ኔጌቲቭ ሲሆን፣ የራውተር አዳፕተር ግን ብዙውን ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። የማሽኑን ክዳን በካቻቢቴ ፍቱና 7805 የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደውን ባለ ሦስት እግር እቃ ፈልጉ። ቴስተሩን ጩኸት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ መሃለኛው እግር ላይ፣ ሌላውን የአዳፕተር መሰኪያው እግሮች ላይ በየተራ አስነኩ፤ የጮኸው ኔጌቲቭ ነው። ከባዱ፣ ባለ ትራንስፎርመሩ የድሮ አዳፕተር ሳይሰካ ሲለካ 12 ወይም 13 ቮልት ቢያሳይ አትደንግጡ፣ ጭነት ሲያገኝ ይወርዳል። ማሽኑ ሲበራ ከ7805 የሚወጣው 5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ካሴቱ። በልጅነት መድኃኒቱ እፍ ማለት ነበር። ይሠራ የነበረው ግን ትንፋሹ ሳይሆን ካሴቱን አውጥቶ መልሶ መክተቱ ነው፤ ምራቁ ጥርሱን ያዝገዋል። ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹ፣ ብናኙን በብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አልኮል አስነክታችሁ ጥጡ ጥቁር ማምጣት እስኪያቆም ጥረጉ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ግማሽ ሰዓት ይድረቅ። ለማሽኑ አፍ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ላይ ስስ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ አልኮል አስነኩና በአጭር ጎኑ አስገብታችሁ አውጡ። ግራጫ ስክሪን ወይም የተዘበራረቀ ፊደል ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄው ንክኪ ነው።

ቲቪው ላይ ቢጫውን ገመድ ኤቪ ላይ ሰክታችሁ በሪሞቱ ምንጩን ቀይሩ። የአንቴና ገመድ ብቻ ካለው ማሽኑን ከነካሴቱ አብርታችሁ አናሎግ ጣቢያ ፈልጉ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ማሽኑ አልተበላሸም፤ የቲቪውን የቀለም ሲስተም ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ፣ ወይም በተቃራኒው ቀይሩት። ዳክዬ የሚመታበት ሽጉጥ ግን ጠፍጣፋ ቲቪ ላይ አይሠራም። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ጨልሞ ኢላማው ብቻ ይነጣል፣ ሽጉጡ ያን ብርሃን በዚያው ቅጽበት ይጠብቃል፤ ጠፍጣፋው ደግሞ ይዘገያል። ኋላው ያበጠውን የድሮ ቲቪ አትጣሉት።

ጆይስቲኩ አንድ ቁልፍ ብቻ እምቢ ካለው ጎማውና የሚያርፍበት ሰሌዳ ይጠረጉ። ሁሉም ቁልፍ ከደነዘዘ ገመዱ ከመሰኪያው ሥር ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ከተቆረጠበት በላይ ቀንሳችሁ እያንዳንዱን ሽቦ በነበረበት በየዱት። ቀለማቱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያዩ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። መለዋወጫ ከፈለጋችሁ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ የተሰበረ ማሽን ብትገዙ ይረክሳል።

መብራት ሲሄድ አዳፕተሩን ንቀሉ፤ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። በፓወር ባንክ ልጫወት የሚል አይድከም፤ 7805 ከሚያወጣው 2 ቮልት ያህል የሚበልጥ ስለሚፈልግ 5 ቮልት አይበቃውም። የሞተር ሳይክል 12 ቮልት ባትሪ ግን ይሠራል። በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ የ1 አምፒር ፊውዝ አስገቡ፤ 7805ም ስለሚግል ጀርባው ላይ ቁራጭ አሉሚኒየም በብሎን እሰሩለት።