በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ጀማሪ ኦፕሬተር ሆኖ እንዴት እንደሚሠራ

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ጎረቤት «ልጅሽ የት ገባ?» ሲላት እናቴ «ውሃ ሥራ ላይ ነው» ትል ነበር። «ፍሳሽ» የሚለውን ቃል እያወቀች ትዘለዋለች። አልተቀየምኳትም፤ እኔም ብሆን የግቢውን በር ስረግጥ የሚጠብቀኝ ቆሻሻ ማንሳት ብቻ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ነባር ኦፕሬተር ቡናማ ውሃ የሚንተከተክበት ገንዳ ጫፍ ላይ አቆመኝና «እነዚህ ከብቶችህ ናቸው። ሲርባቸውም ሲጠግቡም ማወቅ አለብህ» አለኝ። ገንዳው ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ቆሻሻውን እየበሉ የሚባዙ ተሕዋስያን አሉ። ኦፕሬተር የእነሱ እረኛ ነው፤ ወንፊት መጥረጉም ፓምፕ ማስነሳቱም ለእነሱ ሲባል ነው።

ሥራው የት አለ?

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቁ የቃሊቲው ጣቢያ ነው። የቀድሞዎቹ ኩሬዎች በቀን 7,600 ሜትር ኪዩብ ያህል እንዲቀበሉ የተሠሩ ሲሆኑ አዲሱ ጣቢያ 100,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ታስቦ የተገነባ ነው። ሥራ ፈላጊ ግን ቃሊቲን ብቻ ማየት የለበትም። የጋራ መኖሪያ ቤት ሰፈሮች፣ ቢራ ፋብሪካዎች፣ ቆዳና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ ትልልቅ ሆቴሎች የየራሳቸው ማጣሪያ አላቸው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማጣሪያ ደግሞ ፍሳሹን ወደ ሐይቁ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ የተሠራ ነው።

ቀጣሪዎች ብዙውን ጊዜ ከቴክኒክና ሙያ በውሃ፣ በኤሌክትሮ መካኒክ ወይም በኬሚስትሪ የተመረቀና የብቃት ምዘና ያለፈ ሰው ይፈልጋሉ። በእኔ ግምት ኬሚስትሪን ከሸመደደው ይልቅ ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚችለው በፍጥነት ይለምዳል። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ እናንተም ጠይቁ፦ የሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ አለ ወይ? የቴታነስ፣ የሄፓታይተስና የታይፎይድ ክትባት ማን ይከፍላል? ጋዝ መለኪያ መሣሪያ ግቢው ውስጥ አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ ያቃተው ቀጣሪ ዘንድ ሁለት ጊዜ አስቡ።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላላችሁ አንባቢዎች፦ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ብሉ ፕሌይንስ የተባለው ጣቢያ በቀን 384 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ወደ 1.45 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። በአሜሪካ ኦፕሬተር ፈቃድ ያስፈልገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ ሰው በተለማማጅነት ገብቶ እየሠራ ልምዱን ያስቆጥርና ፈተናውን በየደረጃው ይወስዳል። ፈተናው ላይ የሚበዛው ሒሳብ ነው፦ የገንዳ ይዘት፣ የፍሰት መጠን፣ የክሎሪን መጠን።

ውሃው የሚሄድበትን መንገድ በእግር ተከተሉ

በመጀመሪያው ቀን ንድፍ ላይ አታፍጡ። ውሃው ከሚገባበት እስከሚወጣበት በእግራችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የብረት ወንፊት አለ፤ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ አንዳንዴም የልጅ ጫማ ይይዛል። ቀጥሎ አሸዋ የሚቀርበት ቦይ፣ ከዚያ እንደ ጣቢያው ዓይነት ማስከኛ ገንዳ፣ ከዚያ አየር የሚነፋበት ገንዳ፣ ከዚያ ሁለተኛው ማስከኛ፣ በመጨረሻ ክሎሪን። ሁሉም ጣቢያ እንዲህ አይደለም። ቃሊቲ ለምሳሌ ውሃው መጀመሪያ አየር በሌለበት ገንዳ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ያልፍና ከዚያ በማንጠባጠቢያ ማጣሪያ፣ ማለትም ተሕዋስያን በተለጠፉበት ክምር ላይ ይረጫል። በየፋብሪካው የምታገኙት ግን አየር የሚነፋበትን ስለሆነ እኔም ስለሱ ነው የማወራው።

ሁለተኛው ማስከኛ ውስጥ ተሕዋስያኑ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ቡና አተላ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከላይ ጥሩ ውሃ ይቀራል። የወረደው ዝቃጭ ቆሻሻ ነው ተብሎ አይጣልም። አብዛኛው በፓምፕ ወደ አየር ገንዳው ይመለሳል፣ ትንሹ ብቻ ይወገዳል። እንጀራ የጋገረ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እርሾ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ኤድዋርድ አርደርን እና ዊሊያም ሎኬት የተባሉ ኬሚስቶች ያሳዩት ይህንኑ ነው። ፍሳሽ ውስጥ አየር ሲነፉ ሙሉ በሙሉ እስኪጣራ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። የሰከነውን ዝቃጭ ሳይደፉ አዲስ ፍሳሽ እየጨመሩበት ደጋግመው ሲሠሩ ግን ጊዜው ከአንድ ቀን በታች ወረደ።

ከሁሉ በፊት፣ አትሙቱ

ይህን ክፍል የማታነቡ ከሆነ ሌላውንም አታንብቡ።

ማንሆል፣ የፓምፕ ጉድጓድ፣ የተዘጋ ገንዳ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይጠራቀማል። ሲያንስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ መቶው) አካባቢ ሲደርስ አፍንጫ ይደነዝዛል፤ «ሽታው ጠፋ፣ እንግባ» የሚባልበት ሰዓት የሚገድልበት ሰዓት ነው። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሌላ አደጋም አለ፦ ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች የወረደበት ጉድጓድ ምንም ሳይሸት ሰው ይጥላል። ስለዚህ በመሣሪያ ሳይለካ፣ አየር ሳይነፋ፣ ከላይ ገመድ የያዘ ሰው ሳይኖር ማንም አይወርድም። ጓደኛችሁ ወድቆ ብታዩት ዘላችሁ አትግቡ። ይህን መጻፍ ቀላል ነው፣ ማድረጉ ከባድ ነው፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለው አደጋ ሊያወጣ የገባው ሰው አብሮ ይቀራል።

አየር ገንዳውም ያታልላል። ውሃው በአረፋ የተሞላ ስለሆነ ሰው አያንሳፍፍም፤ ዋና መቻል ብዙም አያድንም። የአጥሩን ብረት ተደግፋችሁ ናሙና አትቅዱ፣ የነፍስ አድን ቀለበቱ የት እንደተሰቀለ በጨለማም እወቁ። ሞተር ከመንካታችሁ በፊት ማብሪያውን አጥፉ፣ ቆልፉት፣ ቁልፉን የራሳችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ። ክሎሪንን ከአሲድ ጋር በአንድ መደርደሪያ እንኳ አታስቀምጡ። በጓንት እጃችሁ ፊታችሁን አትንኩ፤ ስልክ የሚያነሳው እጅም ያው ነው።

ዙሩ፦ በዓይን፣ በጆሮ፣ በአፍንጫ

ፈረቃችሁን ስትረከቡ መዝገቡን ከማንበባችሁ በፊት መጀመሪያ ዙሩ፤ የሌላ ሰው ቃል ዓይናችሁን እንዳይመራው። እርግጥ ጋሼ በዚህ አይስማማም ነበር፤ «መዝገቡን አንብበህ ግባ» ነበር የሚለኝ።

ጤነኛ አየር ገንዳ ቀለሙ የቸኮሌት ቡናማ ነው፤ ሽታው ዝናብ የነካው አፈር ነው። ከጠቆረና ከከረፋ አየር አንሶታል። ነጭ አረፋ ከተቆለለ ዝቃጩ ገና ልጅ ነው ወይም ሳሙና በዝቷል። ቡናማና ወፍራም አረፋ ከሆነ ዝቃጩ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ማስከኛው ላይ ጥቁር ክምር ከታች ጉብ ጉብ እያለ ከወጣ ዝቃጩ ታች ብዙ ቆይቷል ማለት ነው።

ፓምፕ ጋ ስትደርሱ ቁሙና አዳምጡ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ድምፅ አንድ ነው፤ በኋላ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስለው ድምፅ ከሩቅ ይለያል። አዲስ ገቢ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ፓኪንግ (ዘንጉ ዙሪያ የሚጠመጠም ማሸጊያ ገመድ) ያለው ፓምፕ ዘንጉ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጀማሪው «ያፈሳል» ብሎ ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ ያጠብቃል። ፓኪንጉን የሚያቀዘቅዘው ያ ጠብታ ነበር፤ ከሰዓታት በኋላ ጭስ ይሸታል፣ ዘንጉም ይበላል። ጠብታውን ተዉት፤ ወደ ጅረት ሲለወጥ ነው ብሎኑን በሩብ ዙር የምታጠብቁት።

የኦክስጅን መለኪያው አየር ገንዳው ውስጥ 2 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ቢያሳይ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ይገባል። በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ የሞቀ ንጹህ ውሃ ቢበዛ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እኛ ከፍታ ላይ ግን 7 ገደማ ነው። ስለዚህ ነፊው የበለጠ ይደክማል፤ መለኪያውም ለከፍታው ካልተስተካከለ ይዋሻል። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ መመሪያ እንደ ወረደ ሲሠራበት ያየሁባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም።

የሠላሳ ደቂቃው ሙከራ

ከሁሉም የምወደው ይህ ነው። ከአየር ገንዳው ጫፍ በአንድ ሊትር የመስታወት ሲሊንደር ናሙና ቅዱ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ሰዓት ያዙ። አትነቅንቁት፤ ፀሐይም አይንካው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሙሉው ቡናማ ነው። ከዚያ እንደ በረዶ ብናኝ መያያዝ ይጀምራል፣ ከላይ ቀጭን የጠራ መስመር ይወጣል፣ መስመሩም ይወርዳል። በሠላሳኛው ደቂቃ ዝቃጩ የቆመበትን ቁጥር አንብቡ።

300 ሚሊ ሊትር ላይ ቆመ እንበል፤ ላቦራቶሪው ደግሞ የዝቃጩ ክብደት በሊትር 3 ግራም ነው አለ። 300 ሲካፈል ለ3፣ 100 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከ150 በላይ መውጣት ከጀመረ ዝቃጩ አብጧል፣ አልሰክን ብሏል፤ ለአለቃችሁ የምትነግሩበት ሰዓት ነው። ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም። ከላይ ያለው ውሃ ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? እንደ ድንጋይ ወርዶ ከላይ ብናኝ ከተወ ዝቃጩ አርጅቷል። ሲሊንደሩን ሳትደፉ ለተጨማሪ ሰዓታት አቆዩት፤ ቶሎ ተመልሶ ከተንሳፈፈ ማስከኛው ውስጥም ይህንኑ ያደርጋል።

አንድ ነገር ለውጡ፣ ከዚያ ጠብቁ

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር፣ ስሙን በማልጠራው ፋብሪካ፣ ሌሊት ብቻዬን ነበርኩ። ዝቃጩ አልሰክን ሲለኝ የሚመለሰውንም ጨመርኩ፣ የሚወገደውንም ቫልቭ ከፈትኩ፤ «ለአንድ ሰዓት ብቻ» ብዬ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የመግቢያው ፓምፕ በጨርቅ ተደፈነ። እሱን ስታገል ቫልቩን ረሳሁት። ሲነጋ 350 ይቆም የነበረው ሲሊንደር 120 ላይ ቆመ፤ የሚወጣው ውሃ የአብሽ ውሃ መስሏል። ያለንን ሕያው ነገር አብዛኛውን ወደ ዝቃጭ ማድረቂያው ሜዳ ልኬው ነበር። ከሌላ ማጣሪያ በቦቴ ዝቃጭ አስመጥተን፣ ልክ ጎረቤት ቤት እርሾ እንደሚለመነው፣ ወደ ቦታው እስክንመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ሁለት ነገር በአንድ ሌሊት ስለነካሁ የመጀመሪያው ችግር ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተሕዋስያን ለለውጥ መልስ የሚሰጡት በቀናት ነው። አንድ ቫልቭ፣ ትንሽ፣ ከዚያ ጠብቁ። የከፈታችሁትን ሁሉ እጃችሁ ላይ ጻፉ ብል አላበዛሁም፤ እኔ ዛሬም እጽፋለሁ።

ክረምት፣ በዓል፣ መብራት

በክረምት የጎርፍ ውሃ በየማንሆሉ ይገባና ፍሰቱ በድንገት ያብጣል፤ ዝቃጩን ጠርጎ ወንዝ ሊከተው ይችላል። ሰማዩ ሲጠቁር ወንፊቱን ቀድማችሁ አጽዱ፣ የአሸዋ መያዣውን ባዶ አድርጉ። በበዓል ማግስት ደግሞ ስብና ደም ይበዛል፤ የጋራ መኖሪያ ቤት ማጣሪያ ላይ ከሠራችሁ የፋሲካን ማግስት ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲሄድ አየሩ ይቆማል፣ ከብቶቹ መታፈን ይጀምራሉ። ጄኔሬተሩን በየሳምንቱ አስነሱት፣ ናፍጣውን በእንጨት ለክታችሁ እዩ። መብራት ሲመለስ ሁሉንም ሞተር በአንድ ጊዜ አታስነሱ፤ በየተራ።

መዝገብና ርክክብ

«ሁሉም ደህና ነው» ተብሎ የተጻፈ ገጽ ባዶ ገጽ ነው። ሰዓት፣ ቁጥር፣ የነካችሁት ነገር፣ የሸተታችሁ ሽታ ይጻፍ። «ከሌሊቱ 7፡40፣ ሁለተኛው ፓምፕ ድምፁ ተለወጠ፣ አጥፍቼ ሦስተኛውን አስነሳሁ» የሚል አንድ መስመር ጠግኝን ግማሽ ቀን ያድነዋል። ያልለካችሁትን ቁጥር ከትናንትናው አትገልብጡ፤ የላቦራቶሪው ሰው ይይዛችኋል፤ ባይዛችሁም ቀጣዩ ተረኛ በውሸት ቁጥር ቫልቭ ይከፍታል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተረኛው ሲመጣ ወረቀት ሰጥታችሁት አትሂዱ። ሲሊንደሩን ከመምጣቱ ሠላሳ ደቂቃ ቀድማችሁ ቅዱና ጠረጴዛው ላይ አቆዩለት። አብራችሁ አይታችሁት፣ ገንዳው ጫፍ ድረስ ሄዳችሁ፣ የከፈታችሁትን ቫልቭ በጣታችሁ አሳይታችሁት ነው ወደ መታጠቢያው የምትገቡት። ቱታውና ቦቲው እዚያው ይቀራሉ፤ ቤት አይሄዱም።